ባቲን በዝናብ ቀን

የክረምቱ እረፍት ልጆችን ከአዲስ አበባና ከደሴ ወደ ከሚሴ ያወርዳቸዋል። አያት ቤት የገባ ልጅ ሁለት ቀን ከዘነበበት ቤቱን ይገለብጠዋል። «ዝናብ ነው፣ አትወጡም» እያሉ ከመቆጣት ሰኞን ጠብቆ ባቲን ማሳየት ይሻላል።

ባቲ ባሕር የላትም፤ ሥራዋ ግን የወደብ ሥራ ነው። በሰኞ ገበያዋ አፋሮች ግመል፣ ፍየልና ጨው ይዘው ይመጣሉ፤ ከደጋው እህል ይወርዳል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ የዋጋ ክርክር ውስጥ ይሰማሉ። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የአሰብ መንገድ ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከሚጀመር ድረስ የአገራችን ዋና ወደብ አሰብ ነበር። በቤታችሁ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረ አያት ካለ፣ ያን ዘመን ለልጆቹ ያውጋቸው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ «ባቲ» መባሉንም ንገሯቸው።

ከከሚሴ ኮምቦልቻ 50 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማለዳ ተነሡ። ለእያንዳንዱ ልጅ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ። ዝናብ በራሱ ጉንፋን አያመጣም፤ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ሆኖም ሕፃናትና አዛውንት እርጥብ ልብስ ለብሰው ሲቆዩ ሰውነታቸው ቶሎ ይቀዘቅዛልና ቶሎ ቀይሩላቸው። ጎርፍ የምንጩንና የጉድጓዱን ውኃ ስለሚበክል፣ የሚጠጣ ውኃ ከቤት አፍልታችሁ ያዙ። ምግብም ትኩሱን ብሉ።

መንገድ ላይ የምፈራው ጎርፍን ነው። እናንተ ያላችሁበት ሳይዘንብ ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ደረቁን ወንዝ በደቂቃ ይሞላዋል። እስከ ጉልበት የማይደርስ ፈጣን ውኃ ትልቅ ሰው ይጥላል፣ ትንሽ መኪናም ያንሳፍፋል። ውኃው እስኪጎድል ቆሙ። ሾፌሩ «እናልፋለን» ቢል እንኳ ልጆቹን ይዛችሁ ውረዱ።

ሁለተኛው ወባ ነው። ከሚሴም ባቲም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ስለሆኑ ወባ አለባቸው። ውኃ ያቆረባቸው ቦታዎች ሲበዙ ትንኟም ትበዛለች። ማታ ማታ ልጆቹ አጎበር ውስጥ ይተኙ።

ዋናው ነገር ግን ልጁ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ያለው ነው። ወባ በተነከሱበት ቀን አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት በኋላ ይጀምራል፤ አንዳንዱ ዓይነት ከወራት በኋላም ይነሣል። ያን ጊዜ ልጁ አዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ደጋ ስለሆነች፣ የሚያተኩስ ልጅ ሲታይ ወባ ቶሎ ትዝ ላይል ይችላል። «ጉንፋን ነው» ተብሎ የባከነ ቀን በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አደገኛ ነው።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ ከቆላ የተመለሰ ልጅ ካተኮሰው፣ ብርድ ብርድ ካለው ወይም ካስመለሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሳትጠየቁ «ከሚሴ ከርሞ ነው የመጣው» በሉ፤ የደም ምርመራም ይደረግለት። የቤት ውስጥ ፍርፋሪ መድኃኒት አትስጡት።

አያቶችም ልጆቹን ስትሸኙ፣ የመጡበትንና የሚሄዱበትን ቀን፣ የት የት እንደዞሩም በወረቀት ጽፋችሁ ከልብሳቸው ጋር ሻንጣ ውስጥ ክተቱላቸው።