ለሽናብል ስሕተቶች ጥብቅና

ሰሞኑን ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ከሙዚቃ ወዳጆች ጋር ተቀምጬ ሳወጋ፣ ፒያኖ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ «ሽናብልን ለተማሪ ማሰማት ኃጢአት ነው» ብሎ አረፈው። ለምን ብንለው «የስሕተቱ ብዛት! ዛሬ እንዲያ አድርጎ የሚጫወት ተማሪ ፈተና ይወድቃል» አለን። ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ሳቀ። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ ፈገግ አልኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያቺ ፈገግታ ዕረፍት ነሳችኝ። ይህን የምጽፈው በእርሷ የበደልኩትን ለመካስ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አርቱር ሽናብል በ1882 ዓ.ም. በዛሬዋ ፖላንድ ምድር ተወልዶ፣ ቪየና ውስጥ ከሌሼቲትስኪ ዘንድ ፒያኖ የተማረ ሰው ነው። የቤቶቨንን 32 የፒያኖ ሶናታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሳያስቀር በሸክላ ያስቀረጸ እርሱ ነው። ሥራው ለንደን በሚገኘው አቢ ሮድ ስቱዲዮ በ1932 ተጀምሮ በ1935 ተፈጸመ። አሳታሚው ኩባንያ እንዳይከስር ብሎ፣ ገንዘባቸውን አስቀድመው የሚከፍሉ ደንበኞችን በማኅበር አሰባስቦ ነበር።

ለመሆኑ በዚያን ዘመን ሸክላ ማስቀረጽ ምን ማለት ነበር? ሸክላው በደቂቃ 78 ጊዜ ይሽከረከራል፤ አንዱ ገጽ የሚይዘው አራት ደቂቃ ወይም ከዚያ ትንሽ ያለፈ ብቻ ነው። ድምፁ በቀጥታ ሰም ላይ ይቀረጻል። መቁረጥ፣ መቀጠል፣ ማረም የሚባል ነገር የለም። አንዲት ጣት ከሳተች ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ገጹን ከመጀመሪያው እንደገና መጫወት፣ ወይ ስሕተቱን ተቀብሎ ማለፍ። ዛሬ እኛ የምንሰማው «እንከን የለሽ» ቅጂ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ሙከራዎች እየተመረጠ የተሰፋ ነው። የተሰፋውን ካልተሰፋው ጋር አስተያይቶ መፍረድ ፍርድ ነው?

ወዳጄ በተለይ የሚያሾፍበት ኦፐስ 106ን፣ «ሐመርክላቪየር» የሚባለውን ሶናታ ነው። ቤቶቨን ለዚህ ሶናታ የመጀመሪያ ክፍል ያዘዘው ፍጥነት፣ ሜትሮኖም በሚባለው የምት መቁጠሪያ፣ በደቂቃ 138 ግማሽ ኖታ ነው። ያስደነግጣል። ብዙዎች «ሰውየው ጆሮው አይሰማም ነበር»፣ «ሜትሮኖሙ ተበላሽቶበት ይሆናል» እያሉ ቀስ ብለው ይጫወቱታል። ሽናብል ግን «ጌታው ካለ ብሏል» ብሎ ቁጥሩን ተከትሎ ሮጠ። ጣቶቹ ሁልጊዜ አልታዘዙለትም። ኖታ ይወድቃል፣ ኖታ በኖታ ላይ ይደራረባል። ይህን አልክድም። ነገር ግን በዚያ ሩጫ ውስጥ የቤቶቨን ቁጣ አለ። ጥንቃቄ የበዛባቸው ቅጂዎች ውስጥ ኖታው ሁሉ በቦታው ይገኛል፤ ቁጣውን ግን ፈልጌ አጣሁት።

ጣቱ ሰንፎ እንዳይመስላችሁ የዚያኑ ሶናታ ዝግ ያለ ክፍል ስሙት። ከሩብ ሰዓት በላይ የሚወስድ ነው፤ በሸክላ ገጽ እየተቆራረጠ መቀረጽ ነበረበት። ያም ሆኖ ሐሳቡ አንድም ቦታ አይበጠስም። ይህን የሚችል ሰው ሲስት፣ የሳተው ከሚችለው በላይ ስለደፈረ ነው። በዚያው ቀረጻ መሐል፣ በ1933፣ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊ ነውና ለረጅም ዓመታት የኖረበትን በርሊንን ለቅቆ መውጣቱንም አትርሱ። ቤቱን ትቶ የወጣ ሰው ሥራውን አልተወም።

ንጽሕናን ብቻ ማምለክ ወዴት እንደሚያደርስ ደግሞ ዓለም አይቷል። ጆይስ ሃቶ በተባለች እንግሊዛዊት ስም ከመቶ በላይ ሲዲ ወጥቶ ነበር። የሞዛርትና የቤቶቨን ሶናታዎችም ነበሩበት። አንዳንድ ሐያሲዎች «ተአምር ነው» ብለው ጻፉ። እርሷ በ2006 ሞተች። በ2007 አንድ ሰው ከሲዲዎቹ አንዱን ኮምፒዩተር ውስጥ ቢከተው፣ ኮምፒዩተሩ የሌላ ፒያኒስት ስም አወጣ። ቢመረመር ቅጂዎቹ ከሌሎች ፒያኒስቶች የተሰረቁ ሆነው ተገኙ። ሲዲዎቹን ይሸጥ የነበረው ባለቤቷም አመነ። አያችሁ? ኖታው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ሐሰቱ ሰውየው ላይ ነበር። ስሕተት ብቻ ለማደን የሠለጠነ ጆሮ ስሕተት ሲያጣ ጊዜ ዘበኛነቱን ትቶ ተኛ።

ስሕተት ጽድቅ ነው አላልኩም። ተማሪ ኖታውን አስተካክሎ ማንበብ አለበት። ከስንፍና የመጣን ስሕተትና ከድፍረት የመጣን ስሕተት በአንድ ሚዛን አትመዝኑ ነው የምለው።

ይህን ስል ከራሴም ቁስል ተነሥቼ ነው። በልጅነቴ ሁለት ዓመት ፒያኖ ተምሬያለሁ። ኖታ በሳትኩ ቁጥር ማስመሪያ ጣቴ ላይ ያርፍ ነበር። በመጨረሻ ሳልሳሳት መጫወት ቻልኩ፤ ያን ጊዜ መጫወቱን ተውኩት። ቁልፉን ስነካ የሚታየኝ ቤቶቨን ሳይሆን ማስመሪያው ነበርና።

ስለዚህ መምህር ወዳጄ ሆይ፣ ሽናብልን ለተማሪዎችህ አሰማቸው። ስንት ኖታ እንደሳተ ይቁጠሩ፤ ግድ የለም። ቆጥረው ሲጨርሱ ግን ምን ፍለጋ ሲሮጥ እንደሳተ ጠይቃቸው። ያን መመለስ የቻለ ልጅ ፈተና ቢወድቅ እንኳ ሙዚቀኛ ነው።