የክበቡ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

«የዛሬ ተማሪ ክበብ አይወድም» የምትባል ዓረፍተ ነገር አለች፡፡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮች ስብሰባ ላይ በጣም ይወዷታል፡፡ እኛ አንቀበላትም፡፡ ምክንያታችንን እነሆ፡፡

ጋዜጠኝነትን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ከመማራችን በፊት ማይክ የጨበጥነው በአንድ የቆላ ትምህርት ቤት፣ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ ነው፡፡ ያኔ የነበሩት ዳይሬክተር ከጠዋት ሰልፍ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ይሰጡን ነበር፡፡ ለመግባት ወረፋ ነበረው፡፡ እሳቸው ተዛወሩ፤ ሌላ መጡ፡፡ ጽሑፋችን ከመነበቡ በፊት ቢሮ ገብቶ እንዲታይ ታዘዘ፡፡ ስለ ሽንት ቤቱ የጻፍነው እንደገባ ቀረ፡፡ ቀጥሎ የክፍሉ ቁልፍ ጠፋ ተባለ፡፡ የዓመቱ ሪፖርት ደግሞ «የተማሪዎች ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው» አለ፡፡ ተማሪዎቹ እኮ እኛው ነበርን! የተለወጠው ቁልፍ ያዡ ነው፡፡

ይህ ነገር የትም ቢሆን ያናድዳል፡፡ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማና በቋራ ግን ከማናደድም ያልፋል፡፡ እዚያ ተማሪውን የሚሻማው ብዙ ነው፡፡ ትምህርት ተጀምሮ ገና ሳይሞቅ ሰሊጥ ይደርሳል፤ ቀኑ ካለፈ ስለሚረግፍ የልጅም የአዋቂም እጅ ይፈልጋል፡፡ ከመተማ ዮሐንስ ማዶ ገላባት ናት፤ በዚያ በር ወጣቱን ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ የሚልክ ደላላ ለዓመታት ሠርቷል፡፡ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በዚያው በር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሸሽቶ ገባ፡፡ ወባው አለ፤ ካላዛሩ አለ፡፡ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች፡፡ ለአጨዳ ሄዶ ሜዳ ላይ ለሚያድር ልጅ ይህን ማን ይንገረው? የደላላውን ወሬስ በእኩያ አንደበት ማን ያፍርሰው? እዚያ ሚኒ ሚዲያና የጤና ክበብ ቅንጦት አይደሉም፡፡

ክበብ የሚሞትበት መንገድ ደግሞ የታወቀ ነው፡፡ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ቦታ አይሰጠውም፤ ስለዚህ ከትምህርት በኋላ በዚያ ሐሩር ሩቅ የምትሄድና ቤት ሥራ የሚጠብቃት ልጅ ትቀራለች፡፡ ተጠሪው መምህር የማስተማር ጫናው አይቀነስለትም፡፡ ገንዘብ ሲጠየቅ የለም ይባላል፡፡ የክበቡን ሰብሳቢ ተማሪዎቹ ሳይሆኑ ቢሮው ይመርጠዋል፡፡ አራቱም የዳይሬክተሩ ውሳኔ አለባቸው፡፡ በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብር ከአራቱ ዐበይት ጉዳዮቹ አንዱን የትምህርት ቤት አመራር ያደረገው ለጌጥ አይደለም፡፡

«ውጤቱስ?» ትሉን ይሆናል፡፡ እውነት ነው፤ በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ፡፡ ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጥ፤ እኛም እንደግፋለን፡፡ ነገር ግን ጽሑፍ አዘጋጅቶ ሰው ፊት የሚያነብ ልጅ እየተማረ አይደለም እንዴ? ድንበር የተሻገረን ልጅስ የትኛው ማጠናከሪያ ያገኘዋል? ልጅ ትምህርት ቤቱ የእኔ ነው ሲል ነው ግቢው ውስጥ የሚቆየው፡፡

«በጦርነት መሃል ስለ ክበብ?» የሚለንም አይጠፋም፡፡ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት መምህር እንደተንገላታ አልጠፋንም፡፡ ዳይሬክተሩ ተማሪ ተሰብስቦ ሲያይ ቢደነግጥ ይገባናል፡፡ ጀግና ሁን አላልነውም፡፡ በሩ ክፍት በሆነ ትምህርት ቤት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጥ፤ ሰብሳቢውን ተማሪዎች ይምረጡ፤ ቁልፉ ተጠሪው መምህር ጋ ይሁን፡፡ ይህ ብር አይጠይቅም፡፡

ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም አንድ ቃል አለን፡፡ ዳይሬክተር ስትገመግሙ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የክበብ ዝርዝር አትቁጠሩ፡፡ ክፍሉን አስከፍቱ፡፡ ማይኩ ላይ ያለው አቧራ ከሪፖርቱ የበለጠ ይናገራል፡፡