ዝም ያለም ከሳሽ ነው

ነገሩ የጀመረው በ2 ብር ነው። ጠዋት ስነሳ ስልኬ ላይ አንድ አጭር መልእክት ተቀምጧል። የጤና ምክር ነው፤ «ውኃ በብዛት ይጠጡ» ይላል። መልካም ምክር ነው፤ ቧንቧው ከፈቀደልን! በማግስቱም ሌላ ምክር መጣ፤ በሠልስቱም ሌላ። አንዱንም «ላኩልኝ» አላልኩም። የሞላሁት ካርድ ሳልደውልበት ማለቁ ገርሞኝ ስጠይቅ፣ ለካ ለእያንዳንዱ ምክር 2 ብር ይቆረጥብኛል። «የተመዘገቡት እርስዎ ነዎት» አለችኝ ስልክ ያነሳችው ልጅ። «መቼ?» ብላት «ሲስተሙ ነው የሚያሳየው» አለችኝ። ሲስተሙን ፊት ለፊት አቁሜ «በላ ልበልሃ» እንዳልለው መልኩን አላውቀው። «አቁም» ብዬ ላክሁ፤ ቆመ። እስከዚያው 40 ብር ሄዷል። የሄደው ሄደ ብዬ እኔም ዝም አልኩ።

እስቲ አንባቢ ይፍረደኝ፤ ምን ላድርግ ነበር? 40 ብር ተወሰደብኝ ብዬ ጠበቃ ልቅጠር? ማመልከቻ ማጻፊያው ብቻ ከዚያ ይበልጣል። የዳኝነቱ፣ የታክሲው፣ ከሥራ የቀረሁበት ቀን ሲደመርማ አይነሳ። ሪቻርድ ፖዝነር የሚባሉ አሜሪካዊ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ2004 በጻፉት ፍርድ ላይ፣ ለ30 ዶላር ብሎ ብቻውን የሚከስ ሰው ወይ እብድ ወይ አክራሪ መሆን አለበት ብለዋል። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አይደለሁም።

ብሬን የወሰደው ድርጅት ይህን ስሌት ከእኔ በፊት ሠርቶታል። እንበልና እንደኔ ያለ 100,000 ሰው አለ። በቀን 200,000 ብር፣ በወር 6 ሚሊዮን ብር መሆኑ ነው። ከአንድ ሰው ላይ 6 ሚሊዮን ብር የወሰደ ሰው ሌባ ይባላል፤ ይታሰራል። ከ100,000 ሰው ላይ 60 60 ብር የለቀመ ግን ነጋዴ ነው፤ ግብዣ ላይ ፊት ወንበር ይሰጠዋል። ልዩነቱ ምን ይሆን? የመጀመሪያው ከሳሽ አለው፤ ሁለተኛው የለውም። የሁለተኛው ሀብት የተሠራው ከእኛ ዝምታ ነው። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን አድገናል። እውነት ነው፣ ዝምታችን አልነቀዘም፤ የነቀዘው ኪሳችን ነው።

ይህን ብሶቴን ሜሪላንድ ለምትኖረው ታናሽ እኅቴ በስልክ ነገርኳት። ሳቀች።

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር በፖስታ ካርድ ይመጣል።»

«የምን ካርድ?»

«ፍርድ ቤት አስላከው የሚባል ነዋ። ከከሳሾቹ አንዷ ልትሆኚ ትችያለሽ ይላል። እኔ መቼ ከሰስኩ ብዬ ከማስታወቂያው ወረቀት ጋር እጥለዋለሁ።»

እኅቴ የጣለችው ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ቀን አነበብኩ። «የጋራ ክስ» ወይም «የቡድን ክስ» የሚሉት ነው። በአሜሪካ ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1966 የፌዴራሉ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 23 ሲሻሻል ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ወይም ጥቂት ተበዳዮች ስማቸውን አስመዝግበው፣ ለራሳቸውም እንደነርሱ ለተበደለው ሁሉም ብለው ይከሳሉ። ዳኛው ዝም ብሎ አይቀበላቸውም፤ ይመረምራል። ተበዳዮቹ አንድ በአንድ ተጠርተው የማይዘለቁ ብዙዎች ናቸው ወይ? ጥያቄያቸው የጋራ ነው ወይ? የከሳሹ በደል የሌሎቹን ይመስላል ወይ? ከሳሹና ጠበቃው የሌላውን ጥቅም ሳይሸጡ ይወክላሉ ወይ? ካሣ በሚጠየቅበት ጉዳይ ደግሞ የጋራው ጥያቄ ከየግሉ ጥያቄ ማመዘኑ ይታያል። ይህን ሁሉ ካለፈ ቡድኑ በፍርድ ቤት ይታወቃል፤ ለአባላቱም ማስታወቂያ ይላካል። የእኅቴ ካርድ ይህቺው ናት።

ቁም ነገሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ካርዱ የደረሰው ሰው «እኔን ከዚህ አውጡኝ» ብሎ ካልጻፈ በስተቀር ከክሱ ውስጥ ነው። ዝም ያለ ሁሉ ከሳሽ ነው! ቡድኑ ቢያሸንፍ ድርሻ ይኖረዋል፤ ቢሸነፍም ፍርዱ ያስረዋል። ጠበቃውም እጅ በእጅ ክፈለኝ አይለውም። ከተገኘው ገንዘብ ላይ ዳኛው የፈቀደለትን ያነሳል፤ ብዙ ጊዜ ከሩብ እስከ ሲሶ ይደርሳል። ኩባንያው ሲከብርበት የኖረውን ዝምታ ሕጉ ገልብጦ በራሱ ላይ አዞረበት ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ እዚያ ድሩን የሚገምደው ሕጉ ራሱ ሆነ።

ይሠራል ወይ ለሚል፣ ቮልስዋገንን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጉዱን አወጣው። ኩባንያው በናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ፣ ምርመራ ላይ ሲሆኑ ብቻ መርዛማውን ጭስ የሚቀንስ፣ መንገድ ላይ ሲወጡ ግን የሚለቅ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ደብቆ ኖሯል። «ንጹሕ ናፍጣ» ነው ተብሎ የገዛ አንድ ምስኪን ከጀርመን ግዙፍ ኩባንያ ጋር ብቻውን ምን ይታገላል? ክሶቹ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በዳኛ ቻርልስ ብሬየር ፊት ተሰበሰቡ፤ መንግሥትም በበኩሉ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 የጸደቀው ስምምነት እስከ 14.7 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ሲሆን፣ 475,000 ያህል መኪኖችን ይመለከት ነበር። ባለመኪናው መኪናውን መልሶ ሊሸጥላቸው ወይም ሊያስጠግን ይችላል፤ በዚያ ላይ ቢያንስ 5,100 ዶላር ካሣ ያገኛል።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሰባም። ኤኩፋክስ የተባለው የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚመዘግብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የግል መረጃ ተሰረቀበት። በ2019 በተደረሰው ስምምነት፣ የብድር ክትትል አገልግሎቱ የማያስፈልገው ሰው እስከ 125 ዶላር በጥሬ ገንዘብ መጠየቅ ይችላል ተባለ። ሕዝቡ ግር ብሎ ጠየቀ። ለዚህ የተመደበው ግን 31 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ለ248,000 ሰው 125 125 ዶላር ሲሰጥ የሚያልቅ ገንዘብ መሆኑ ነው። መጨረሻ ላይ ለብዙው ሰው የደረሰው ጥቂት ዶላር ሆነ። ጠበቆቹ ሚሊዮን ተካፍለው ተበዳዩ የቅናሽ ኩፖን ብቻ ይዞ የተመለሰበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሕግ የጠበቃው ድርሻ በሥራ ላይ በዋለው ኩፖን ልክ ይታሰብ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን፤ ጠበቃ ይክበርበት! ሁለት ብር ለቃሚው ብቻ ከሚከብርበት ይሻላል።

ኩባንያዎችስ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ? የት አባታቸው! መድኃኒቱን በውሉ ጀርባ፣ በጉንዳን ፊደል ጻፉት። አንድ የካሊፎርኒያ ባልና ሚስት በነጻ ይሰጣል የተባለ ስልክ ወስደው 30 ዶላር ከ22 ሳንቲም ታክስ ተጠየቁ። ነጻ የምን ታክስ አለው ብለው፣ እንደነርሱ ላሉትም ጭምር ከሰሱ። ተከሳሹ ኤቲ ኤንድ ቲ ውሉን ገለጠ፤ ክርክር ቢነሳ በግልግል ዳኛ፣ ያውም ለየብቻ እንጂ በቡድን አይታይም የሚል ቃል አለበት። የካሊፎርኒያ ዳኞች ይህ ቃል ፍትሕ የለውም ቢሉም፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2011 በ5 ለ4 ድምፅ የ1925ን የግልግል ሕግ ጠቅሶ ለኩባንያው ፈረደ። በተቃውሞ የጻፉት ስቴፈን ብሬየር፣ የቮልስዋገኑ ዳኛ ወንድም ናቸው፤ ለ30 ዶላር ክስ የሚቆም ጤነኛ ጠበቃ ማን ነው ሲሉ ጠየቁ። መልስ የሰጣቸው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የሸማቾችን የገንዘብ ጉዳይ የሚጠብቀው የአሜሪካ ቢሮ፣ ባንኮችና መሰሎቻቸው በዚህ ዓይነት ቃል የጋራ ክስን እንዳይዘጉ ደንብ አወጣ። በጥቅምት ወር ሴኔቱ 50 ለ50 ሲከፈል ምክትል ፕሬዚዳንቱ ማይክ ፔንስ ድምፃቸውን ጨምረው ጣሉት። የኤኩፋክስ ስርቆት ለሕዝብ ከተነገረ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ዝምታችን ዋጋ ባይኖረው ኖሮ ይህን ያህል ይሯሯጡለት ነበር?

ለእኅቴ መልሼ ደወልኩ። «ካርዱን አትጣይ» አልኳት። የጠየቀ ይከፈለዋል፤ የወጣ ለብቻው መክሰስ ይችላል፤ ካርዱን የጣለ ግን በብዙዎቹ ጉዳዮች ገንዘቡንም አያገኝም፣ ወደፊት የመክሰስ መብቱንም ያጣል። የመጠየቂያው የመጨረሻ ቀን ካርዱ ላይ አለ። «ድርሻሽን እንድታገኚ መጀመሪያ ክፈይ» የሚላት ካለ ደግሞ አጭበርባሪ ነው። «አማርኛ ቢሆን ኖሮ አነበው ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። እዚያ ያሉ የእኛ ማኅበራት አንድ ሥራ ቢሠሩ ይህን ይሥሩ፤ የመጣውን ካርድ ለወገን ያንብቡለት።

የእኛስ? ወረቀቱ ላይ ባዶ አይደለንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37፣ ማኅበር ስለ አባላቱ፣ ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን የሚወክል ቡድን ወይም ግለሰብም ስለ ወከላቸው ፍትሕ መጠየቅ ይችላል ይላል። የ2006 ዓ.ም. የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት አለው ብሎ ደንግጓል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38ም አንድ ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች ሲኖሩ ጥቂቶቹ ስለ ሁሉም ሆነው መክሰስ ይችላሉ ይላል። እሰየው! ግን ጅራት አለው፤ ሁሉም በዚህ ውክልና መስማማታቸውን ለፍርድ ቤቱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። 100,000 ሰው ከየት ፈልጌ፣ በየትኛው አዳራሽ ሰብስቤ ላስፈርም? ስም ዝርዝሩ ያለው እኮ ከሳሹ ጋ ሳይሆን ተከሳሹ ጋ ነው!

ልዩነቱ ይቺው ናት። እዚያ ዝም ያለ ሰው ከክሱ ውስጥ ነው፤ እዚህ ዝም ያለ ሰው ከክሱ ውጪ ነው። የምጠይቀው አዲስ ተአምር አይደለም። ሕግ አውጪው የአንቀጽ 38ን ጅራት ይቁረጥልን፤ «አልፈልግም» ያላለ ሁሉ እንዳለበት ይቆጠር። ድርጅቱ የደንበኞቹን ዝርዝር ለፍርድ ቤት እንዲያቀርብ ይገደድ፤ ብሩን ሲቆርጥ ያልጠፋው ቁጥር ሲመልስ አይጠፋውም። ማስታወቂያውም ምክሩ በመጣበት በዚያው በአጭር መልእክት ይምጣልን፤ ያለ ክፍያ።

እስከዚያው ድረስ አንባቢዬ፣ ሳትጠይቅ የተቆረጠብህን ቀኑንና ልኩን ጻፍ፤ መልእክቱን አታጥፋ። እኔ የራሴን 20 ምክሮች አስቀምጫቸዋለሁ። አንድ ቀን «ማስረጃህ የታለ?» የሚል ዳኛ ቢገኝ፣ ባዶ እጄን እንዳልቆም።