ማሽን የዘረረው ሻምፒዮን

ማርሲያኖ ወይስ አሊ? በየዶርሙና በየሻይ ቤቱ ይኸው ክርክር እንዳዲስ ይነሳል። ተከራካሪው ነገር ሲያልቅበት ደግሞ «ኧረ ኮምፒዩተር ፈርዶታል! ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ!» ብሎ አፍ ሊያስይዝ ይሞክራል። እኛ ግን አፋችንን አንይዝም። ለመሆኑ ይህን ዳኛ ማን ሾመው?

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 መሬይ ዎሮነር የሚባል የማያሚ የራዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅ የየዘመኑን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች በኮምፒዩተር አጋጠመ። የቦክስ አዋቂዎች ስለያንዳንዱ ቡጢኛ ግምታቸውን ሰጡ፤ ግምቱ ወደ ቁጥር ተለወጠ፤ ቁጥሩ ማሽኑ ሆድ ገባ። ከዚያ አሊ በጂም ጄፍሪስ ተሸነፈ ተባለ። ልብ በሉ! ጄፍሪስ ማለት ሻምፒዮን ሳለ ከጥቁር ጋር ለማዕረጉ አልጋጠምም ያለ፣ በ1910 ተመልሶ ሬኖ ላይ በጃክ ጆንሰን የተደቆሰ ሰው ነው። አሊ ስሜን አጠፋችሁ ብሎ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። ክሱ በስምምነት አለቀና በ1969 ከማርሲያኖ ጋር ፊልም ተቀረጸ። ማርሲያኖ 45 ዓመቱ ነው፤ ቦክስ ከተወ 13 ዓመት አልፎታል። ክብደቱን ቀንሶ፣ ራሰ በራውን በዊግ ሸፍኖ ቀረበ። የአንድ አንድ ደቂቃ ዙር እየተጫወቱ ልዩ ልዩ ፍጻሜ ተቀረጸ። ማርሲያኖ የትኛው ፍጻሜ እንደተመረጠ ሳያይ ኦገስት 31 ቀን 1969 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ፊልሙ በጃንዋሪ 1970 ታየ።

«ማሽን አያዳላም» ይሉናል። አዎን፣ አያዳላም። የሚያዳላው ቁጥሩን የሚያጎርሰው ነው። ያልዘሩት አይበቅልም!

ደግሞስ ዘመንና ዘመን በእውን ሲጋጠሙ አልታየም እንዴ? በ1951 ማርሲያኖ ጆ ሉዊስን በ8ኛው ዙር ጣለው። ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር። በ1980 ላሪ ሆምስ የ38 ዓመቱን አሊን ሲደበድበው አመሸ፤ ከ10ኛው ዙር በኋላ የአሊ ወገን በቃ አለ። ታዲያ በዚህ ሆምስ ከአሊ ይበልጣል የሚል አለ? ያሸነፈው እርጅና ነው። ቡጢኛ የሚለካው በዘመኑ ከነበሩት ጋር ነው። ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49ኙንም አሸንፏል። የፊልም ድል ምን ይጨምርለታል?

እኛን የሚያንገበግበን ግን ሌላ ነው። ያ ፊልም ሲቀረጽ አሊ ገና የ27 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ በ1967 ማዕረጉን ተገፎ፣ ፈቃዱን ተነጥቆ ቁጭ ብሏል። በእውነተኛው ሪንግ እንዳይቧቀስ የተከለከለው ሰው በሐሰተኛው ሪንግ ሲዘረር በየሲኒማ ቤቱ ታየ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 ፍርዱን ሻረለት፤ ግን ከሦስት ዓመት በላይ የሆነውን የጉብዝና ዘመኑን ማን ይመልስለት?

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ግጥሚያ ማለም ካማራችሁ ሙታንን አትቀስቅሱ። የ1968ቱን አሊ ከ1968ቱ ጆ ፍሬዘር ጋር አጋጥሙልን። ሁለቱም ባንድ አገር፣ ባንድ ዘመን፣ በሙሉ ጉልበታቸው ነበሩ። እስከ ማርች 1971 ግን አልተገናኙም። የለያያቸው ዘመን አይደለም፤ ማኅተም የያዙ ሰዎች ናቸው። ማን ያሸንፍ ነበር ከማለታችሁ በፊት፣ እስቲ ማን ከለከላቸው ብላችሁ ተከራከሩ።