ግድግዳ በጉልበት አይታጠብም



ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳችን ሻጋታ ለብሶ ይገኛል፤ ለእንቁጣጣሽ ማጽዳቱ ደግ ነው። ነገር ግን የመኪና ማጠቢያ ማሽን በጭቃ ቤት ላይ መልቀቅ ምን የሚሉት ነው? እኔ አምና አሳጥቤ ሻጋታው ሳይሆን ምርጊቱ ረገፈ፤ ውሃውም በጋራ ግድግዳችን ሰርጎ የጎረቤቴን የእማማን መኝታ አራሰ። እሳቸው ዝም ቢሉም እኔ አፈርኩ።

ሻጋታ የሚሞተው በጉልበት አይደለም። የስሚንቶ ልስን ከሆነ በረኪናን በውሃ አቅጥኖ በቀስታ መርጨት፣ 10 ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ከዚያ ማለቅለቅ ይበቃል። በረኪናና አሲድ ግን አይገናኙ፤ ጋዙ መርዝ ነው። የጭቃው ግድግዳ በደረቅ ብሩሽ ተጠርጎ ኖራ ይቀባ።

ስለዚህ አጣቢ ሲመጣ ከዋጋው በፊት «በምን ታጥባለህ?» እንበለው። የጋራ ግድግዳ ያለው ደግሞ አስቀድሞ ጎረቤቱን ያማክር።