ካርዱን አስቀምጠውና እንጫወት

ማክሰኞ ማታ አራት ኪሎ ማኪያቶ ልንጠጣ ከወዳጄ ጋር ተቀጣጥረን፣ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ጠበቀኝ። ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ የታሰሩ ካርዶች ተከምረዋል፤ በአንዱ ፊት የእንግሊዝኛ ቃል፣ በጀርባው የአማርኛ ፍቺ። ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ዳዊት የሚደግም ነው የሚመስለው።

«እህ፣ እንዴት ነው ጥናቱ?» አልኩት ወንበር ስቤ እየተቀመጥኩ።

«ሺህ ሁለት መቶ ደርሻለሁ» አለኝ። «በቀን አርባ ቃል እይዛለሁ። ፈተናው ሁለት ወር ነው የቀረው።»

ፈተናው ጂአርኢ ነው። አሜሪካ ሄዶ በኅብረተሰብ ጤና ሦስተኛ ዲግሪውን ለመሥራት ያስባል፤ የሚያመለክትበት ትምህርት ክፍልም ውጤቱን ይጠይቃል። ሒሳቡ አያሳስበውም። እንቅልፍ የሚነሳው የቋንቋው ክፍል ነው።

ካርዶቹን ተቀበልኩትና ከሦስት ሳምንት በፊት ከያዛቸው ውስጥ አሥሩን መዝዤ ጠየቅኩት። ሦስቱን መለሰ። ሁለቱን አቀያየራቸው። ለቀሩት «አውቀዋለሁ እኮ፣ አፌ ላይ መጥቶ ነው» እያለ ቀረ። ፊቱ ሲጠቁር አየሁ፤ እኔም አዘንኩ። ይህ ሰው ሥራ ከመግባቱ በፊት ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቶ የሚያጠና ነው። እንዲህ የሚለፋ ሰው ልፋቱ በወንፊት ውኃ መቅዳት ሲሆንበት ማየት ያንገበግባል።

«ዝርዝሩን ከየት አመጣኸው?»

ከቦርሳው ወረቀቱ የወየበ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የገዛው ነው። መጨረሻው ላይ 3,500 ቃላት በፊደል ተራ ተደርድረዋል። መልመጃውን ገለጥ ገለጥ አድርጌ ሳይ ነገሩ ገባኝ።

«ወዳጄ፣ ይህ መጽሐፍ የተጻፈው አንተ ለማትፈተነው ፈተና ነው።»

ደነገጠ። እንዲህ ብዬ አስረዳሁት። በድሮው ጂአርኢ አንድ ቃል ብቻውን ይሰጥህና ተቃራኒውን ፈልግ ትባላለህ፤ ወይም ሁለት ቃላት ይሰጡህና የእነሱን ዓይነት ዝምድና ያለው ሌላ ጥንድ ትመርጣለህ። ያኔ ሽምደዳ ያዋጣ ነበር። ቃሉን ካላወቅከው የሚረዳህ ፍንጭ የለማ! እ.ኤ.አ. በኦገስት 2011 ግን ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ሁለቱንም ዓይነት ጥያቄዎች አስወጣቸው። ከዚያ ወዲህ ቃል የሚጠየቀው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ ፈተናው በጣም አጠረ፤ አሁን የቋንቋው ክፍል 27 ጥያቄ ሲሆን ጊዜው 41 ደቂቃ ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ምንባብ አንብቦ መረዳት ነው። ፈተናው ሁለት ጊዜ ሲለወጥ አሮጌው መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ መሸጡን ቀጠለ።

«ታዲያ ቃል አያስፈልግም ልትለኝ ነው?»

«በጣም ያስፈልጋል እንጂ! አያያዙ ነው የተለወጠው።»

ሶፍት አነሣሁና በአማርኛ ጻፍኩለት፦ «ሰውየው አደባባይ ላይ ______ ቢሆንም፣ ቤቱ ሲገባ ግን አንድ ቃል አይወጣውም ነበር።» ምን ይገባበታል አልኩት።

«ለፍላፊ» አለ ሳያመነታ።

«ምርጫ ሳልሰጥህ እንዴት አወቅክ?»

«'ቢሆንም' ይላላ! 'ግን' ይላል!»

የጥያቄው መክፈቻ ይኸው ነው። እንግሊዝኛውም የራሱ «ቢሆንም» እና የራሱ «ግን» አለው። ጎበዝ ተፈታኝ ምርጫዎቹን ከማየቱ በፊት ክፍት ቦታውን በራሱ ቃል ይሞላል፤ በአማርኛ ቢሞላውም ግድ የለም። ከዚያ ወደ ምርጫው ይወርድና ሎኳሸስ ወይም ጋሩለስ የሚል ካገኘ ያነሣዋል። ካርድ ብቻ የሸመደደ ሰው ግን ዐረፍተ ነገሩን ትቶ ምርጫዎቹ ላይ ይረባረባል።

ሌላው ጥያቄ ይበልጥ ረቂቅ ነው። ስድስት ቃላት ይሰጡህና ዐረፍተ ነገሩን ወደ አንድ ዓይነት ትርጉም የሚያደርሱትን ሁለቱን ትመርጣለህ። አንዱን አግኝተህ ሌላውን ከሳትክ ምንም ነጥብ የለም። በወዳጄ ካርዶች ላይ ላኮኒክም ታሲተርንም «ዝምተኛ» ተብለው ተጽፈዋል። አንድ አይደሉም። ታሲተርን ሰውየው ራሱ ነው፤ ጠባዩ ዝም ማለት የሆነ። ላኮኒክ ግን ይናገራል፣ አሳጥሮ ነው የሚናገረው። ቃሉ ስፓርታ ከነበረችበት ከላኮኒያ አገር የመጣ ነው። የመቄዶንያው ንጉሥ ፊልጶስ «አገራችሁ ከገባሁ ድራሻችሁን አጠፋለሁ» ብሎ ቢልክባቸው፣ የስፓርታ ሰዎች አንዲት ቃል መለሱለት ይባላል፦ «ከገባህ!»

ወዳጄ ሳቀ። «ይህን ከእንግዲህ አልረሳውም» አለ።

«አየህ? ፍቺውን አልነገርኩህም፤ ቃሉን ሥራ ላይ አሳየሁህ።»

ስለ ሰምና ወርቅም አነሣን። እኛ አንድ ቃል ሁለት ሆድ እንዳለው ከልጅነታችን እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ጂአርኢ ደግሞ ይህን ይወዳል። ሁሉም የሚያውቃትን ተራ ቃል ያመጣና ወርቋን ይጠይቃል። ፔደስትሪያን እግረኛ ነው፤ ስለ አንድ ድርሰት ሲነገር ግን «ተራ፣ ምንም የማይማርክ» ማለት ነው። ፍላግ ባንዲራ ነው፤ ግስ ሲሆን መዛል። ኳሊፋይ ማለፍ፣ ብቁ መሆን ብቻ መስሎህ እንደሆነ፣ የተናገሩትን ነገር ገደብ አበጅቶ ማለዘብም ነው። ሳንክሽንን ከዜና «ማዕቀብ» ብለን እናውቀዋለን፤ ያው ቃል መፍቀድ፣ ማጽደቅም ይሆናል። ከወዳጄ ሺህ ሁለት መቶ ካርዶች ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። «እነዚህንማ አውቃቸዋለሁ» ብሎ ዘልሏቸዋል።

ልጅነቱን ሰንበት ትምህርት ቤት ያሳለፈ ሰው ስለሆነ ሌላ ነገርም ጠየቅኩት። «ወንጌል ማለት ምንድን ነው?»

«የምሥራች።»

«ከግሪክ ነው የመጣው። መነሻው ላይ ያለው ኤው 'መልካም' ማለት ነው። አሁን ዩሎጂን፣ ዩፈሚዝምን፣ ዩፎኒን አምጣቸው።» ካርዶቹን አገላበጠ። ውዳሴ፤ የሚያስነውረውን በለዘበ ቃል መጥራት፤ ለጆሮ የሚጥም ድምፅ። ሦስቱም ውስጥ መልካምነት ተቀምጧል። መነኮሰ የሚለው ቃላችንም ሥሩ ሞኖስ፣ «ብቻ» ነው፤ ስለዚህ ሞኖቶነስ በአንድ ቃና የሚያሰለች፣ ሞኖሊቲክ አንድ ወጥ። ስለ ላሊበላ በእንግሊዝኛ ያነበበ ሰው ሞኖሊቲክ የሚለውን ቃል ሳያገኘው አይቀርም፤ ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለ ነውና። ፈተናው ላይ ስለ ድንጋይ ላይሆን ይችላል፤ ውስጡ ልዩነት የሌለበት ማኅበረሰብን ይገልጽበታል። ከቀኖና ካኖኒካል፣ ከዶግማ ዶግማቲክ ይወጣል። ኦርቶዶክስ ኦርቶስ «ቀጥተኛ» እና ዶክሳ «አስተሳሰብ» ነው፤ ፈተናው ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ሲመጣ «በብዙኃኑ ተቀባይነት ያለው፣ የተለመደ» ማለት ይሆናል። ሄተሮዶክስ ከዚያ የወጣ፣ የተለየ ሐሳብ ነው። ካቶሊክ በትንሽ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «ሰፊ፣ ሁሉን አቀፍ» ነው።

«ይህ ሁሉ ቤቴ ነበር ማለት ነው?» አለ ወዳጄ። ድምፁ ተለወጠ፤ ለእኔም የምሽቱ ትልቁ ደስታ ይህ ነበር።

የላቲኑም ሥር እንዲሁ ነው። እኛ ነገረ ብለን ነገር፣ ንግግር፣ ተናጋሪ፣ አነጋገር እንደምናወጣው፣ እነሱም «መናገር» ከሚለው ሥር ኢሎኩዌንትን፣ ሎኳሸስን፣ ኮሎኩዊያልን ያወጣሉ። የአማርኛ ተናጋሪ ቃልን በሥሩ ማየት አዲስ አይሆንበትም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ መልኩ የሚያሳስት ቃል አይጠፋም። ኢነርቬት ኃይል መስጠት ይመስላል፤ ማድከም ነው። ሬስቲቭ ያረፈ ይመስላል፤ የሚቁነጠነጥ ነው። ኖይሰም ከጩኸት ጋር ዝምድና የለውም፤ የሚከረፋ ማለት ነው። እነዚህን ለብቻ መያዝ ነው።

«እሺ፣ እንዴት ልያዛቸው ታዲያ? ስይዛቸው እኮ አውቃቸዋለሁ፤ በሳምንቱ ነው የሚጠፉት።»

ይህ ስሜት ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፍለው፣ አንዱ ወገን ጽሑፍ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው አንብቦ ሳያይ ለማስታወስ እንዲሞክር አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የታገሉት በለጡ። ወዳጄን ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የሚያታልለው ያ የአምስት ደቂቃው እውቀት ነው። ካርዱን ገልብጦ ከማየቱ በፊት መታገል አለበት። ያወቀውን ካርድ አርቆ፣ የሳተውን አቅርቦ ማየትም ያስፈልጋል፤ ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 በመጽሐፉ ያስተዋወቀው የሣጥን ዘዴ ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ስልክ ላይ የሚጫነው አንኪም በዚሁ ሐሳብ ይሠራል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የቅኔ ቤት መንገድ ነው። የቅኔ ተማሪ ግሱን ተምሮ ዝም አይልም። ከጉባኤ ቃና፣ ከሁለት ቤቷ ቅኔ ጀምሮ በተማረው ግስ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ቃሉ ሥራ ላይ ውሎ፣ ተሰብሮ፣ ተቃንቶ ነው አእምሮ ውስጥ የሚገባው። እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ለምን ይህን እንደምንተወው አይገባኝም። ቃል በቁጥር የሚሰበሰብ ሀብት ይመስለናል።

ስለ ክፍያው ተነሣ። መፈተኛው 220 ዶላር ነው፤ ዶላር ማግኘት ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ስለዚህ ትምህርት ክፍሉ ውጤቱን አሁንም የሚጠይቅ መሆኑን ደግሞ እንዲያረጋግጥ ነገርኩት፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተዉት ብዙ ናቸውና። ኢቲኤስ በነጻ የሚሰጣቸውን ሁለት የፓወርፕሬፕ ሙከራ ፈተናዎችም ሳይጠቀምባቸው እንዳይገባ።

ማኪያቶው ቀዝቅዞ ነበር። ወዳጄ ካርዶቹን በላስቲክ አሰረና «ከነገ ጀምሮ ስንት ልያዝ?» አለኝ።

«ስምንት። ለእያንዳንዱ አንድ ዐረፍተ ነገር ስለ ራስህ ሥራ ጻፍ፤ ስለ ክትባቱ፣ ስለ ጤና ጣቢያው። ሐሙስ ማታ እዚሁ ይዘኸው ና፤ ቁጭ ብለን እናርመዋለን።»

እናንተም ለዚሁ ፈተና የምትዘጋጁ ካላችሁ፣ የያዛችሁት መጽሐፍ መቼ እንደታተመ ዛሬውኑ ገልጣችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2011 በፊት ከሆነ ሌላ ፈልጉ።