የስልክ ሶፍትዌር ማሻሻያ፦ የማይዘገየውና ሊቆይ የሚችለው

ስማርት ስልክ የመነጋገሪያ መሣሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የብዙ ዜጎች ገንዘብ በስልክ ይንቀሳቀሳል። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ በኋላም ማንነትን ለማረጋገጥ የሚላኩ የምስጢር ቁጥሮች የሚደርሱት በዚሁ ስልክ ነው። በመሆኑም በስልኩ ሶፍትዌር ላይ የሚገኝ ክፍተት የባለቤቱን ገንዘብና ማንነት ለአደጋ ያጋልጣል።

ይህን ክፍተት የሚደፍነው በተለምዶ አፕዴት የሚባለው የሶፍትዌር ማሻሻያ ነው። ይሁን እንጂ ማሻሻያ መጫን በሁሉም ስፍራ እኩል ቀላል አይደለም። በሰሜን ወሎ ዞን መቄት ወረዳ በምትገኘው ፍላቂትና መሰል የደጋ ከተሞች አብዛኛው ተጠቃሚ ማሻሻያ የሚያወርደው በገንዘቡ በገዛው የዳታ ጥቅል ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በመቆየቱም በዚያ ወቅት የወጡ ማሻሻያዎች ለብዙ ስልኮች በጊዜው አልደረሱም። ስለዚህ «ማሻሻያውን ላቆየው» የሚለው ውሳኔ ከቸልተኝነት ብቻ የሚመነጭ አይደለም። መታየት ያለበት የትኛው ማሻሻያ ሊቆይ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ እንደማይችል ነው።

የመዘግየት ዋጋ

አምራቹ የደህንነት ማስተካከያ ሲያወጣ ክፍተቱ የት እንደነበረም በዚያው ይታወቃል። ከዚያ ዕለት ጀምሮ አጥቂዎች የሚፈልጉት ማስተካከያውን ያልጫነውን ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2017 ያወጣውን ማስተካከያ ሳይጭኑ የቆዩ ኮምፒውተሮች ከሁለት ወር በኋላ፣ ግንቦት 12 ቀን፣ ዋናክራይ በተባለው ጥቃት ተመትተዋል። ጥቃቱ ከ150 በላይ አገሮችን አዳርሷል። በስልክ በኩልም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በዋትስአፕ ላይ የተገኘው ክፍተት ባለቤቱ ጥሪውን ባያነሳ እንኳ በጥሪው ብቻ የስለላ ሶፍትዌር ለማስገባት ያስችል ነበር። መፍትሔውም መተግበሪያውን ማደስ ነበር።

ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበው የቴክኖ ደብልዩ 2 ስልክ ጉዳይ ነው። ሴኪዩር-ዲ የተባለው የደህንነት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ እንዳደረገው፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአምስት የአፍሪካ አገሮች በተሸጡ ስልኮች ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ የክፍያ አገልግሎቶችን የሚመዘግብ ጎጂ ፕሮግራም ተገኝቷል። ድርጊቱ የተጠቃሚውን የአየር ሰዓት የሚበላ ነበር። አምራቹ በበኩሉ ማስተካከያውን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ማውጣቱን ገልጾ ተጠቃሚዎች እንዲጭኑት አሳስቧል። ችግሩ የታየው ማስተካከያው ወጣ ከተባለ ከዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ፣ መድኃኒቱ መኖሩ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያሳያል። ለዳታ የሚወጣውን ገንዘብ ለማትረፍ ማሻሻያውን ያቆየ ሰው ከዚያ የሚበልጥ ሒሳብ በማያውቀው መንገድ ሊያጣ ይችላል።

ቅደም ተከተል

ዳታ ውስን ሲሆን ሊዘገዩ የማይገባቸው ሦስት ናቸው፦

1. የስልኩ የደህንነት ማስተካከያ። በሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ክፍል በስልኩ ላይ ያለው የደህንነት ማስተካከያ የመቼ እንደሆነ ይታያል።
2. የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎች።
3. የኢንተርኔት ማሰሻና የመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያዎች።

በአንጻሩ የጨዋታ፣ የፎቶ ማሳመሪያና መሰል መተግበሪያዎች ሊቆዩ ይችላሉ። ስልኩን ወደ አዲስ የአንድሮይድ ትውልድ የሚያሸጋግረው ከፍተኛ ማሻሻያም፣ የደህንነት ማስተካከያው ለብቻው የሚላክ ከሆነ፣ ዋይፋይ እስኪገኝ መታገሥ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ያልታደሰ ስልክ ያለው ተጠቃሚ ያመለጡት ማሻሻያዎች ብዛት ሊያሳስበው አይገባም፤ አብዛኛውን ጊዜ የቅርቡ የቀደሙትን ያካትታል። መብራት ሊቋረጥ በሚችልበት አካባቢ ግን ባትሪው በሚገባ ሳይሞላ መጫን መጀመር አይመከርም።

ማሻሻያ መወሰድ ያለበት ከስልኩ ሴቲንግ፣ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ ነው። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም በቴሌግራም «መተግበሪያዎን በዚህ ያድሱ» ተብሎ የሚላክ ማስፈንጠሪያ የማጭበርበሪያ መንገድ ሊሆን ስለሚችል መከፈት የለበትም።

ማሻሻያ ለማይደርሰው ስልክ

አምራቹ ድጋፉን ያቆመበት ስልክ አዲስ የደህንነት ማስተካከያ አይደርሰውም። እንዲህ ያለ ስልክ ለጥሪና ለሬዲዮ ማዳመጫ ሊያገለግል ይችላል፤ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ መተግበሪያን በእሱ ላይ ማኖር ግን አደጋ አለው። የቴሌብር ተጠቃሚ ያለ መተግበሪያና ያለ ኢንተርኔት *127# በመደወል መገልገል ይችላል። ይህ አማራጭ ከገጠር ቀበሌ ወደ ፍላቂት ገበያ ለሚመጣ አርሶ አደርም ሆነ ዳታ ላለቀበት ነጋዴ ያው ነው።

አዲስ ስልክ የሚገዙ ዜጎችም ከዋጋውና ከካሜራው ባሻገር አምራቹ ማሻሻያ የሚልክበትን ዘመን ጠይቀው መረዳት ይገባቸዋል። አንዳንድ አምራቾች ለተወሰኑ ሞዴሎቻቸው እስከ 7 ዓመት ቃል ሲገቡ፣ ለብዙ ርካሽ ስልኮች የሚሰጠው ጊዜ በእጅጉ ያነሰ ነው። በዋጋው የረከሰ የሚመስል ስልክ ድጋፉ በአጭር ጊዜ ካበቃ፣ ባለቤቱ ሌላ ስልክ ለመግዛት ወይም ያለ ጥበቃ ለመቆየት ይገደዳል።